የልጅቷ ትሪ

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣ ላሳደጉኝ እትዬ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ጋራዡ ሥራ በዝቶበት ከመሸ ነው የሚገባው። እኔም ያው ከደንብ ልብስ መስፊያው አልወጣሁም፤ ሰሞኑን የሆስፒታል ጋውን ተቀብለን ከማሽኑ ቀና የምንልበት ጊዜ አጥተናል። ልጃችን ሰባት ዓመት ሞላት። እርስዎ ያወጡላት ስም ተጣብቆባት ትምህርት ቤትም "ዳኛዋ" ነው የሚሏት፤ አስተማሪዋ እንኳ አልቀረችም። ዛሬም ሰው ሲያናግራት ከእግሩ እስከ ራሱ አይታ ነው የምትመልሰው።

ይህን የምጽፈው ላስቸግርዎ ነው። ለበዓሉ የክፍሏ ልጆች አንድ ላይ ይበላሉ፤ እያንዳንዱ ከቤቱ የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ልጄ ሌሎቹ ሲቀማመሱ የራሷን ምሳ ዕቃ ታቅፋ ጥግ ላይ ነው የተቀመጠችው። ወተት የነካው ነገር ጉሮሮዋን ስለሚያሳብጠው አስተማሪዋ ትፈራለች፤ አልፈርድባትም። ዘንድሮ ግን ራሷ መጥታ፣ "እኔም የምበላው፣ እነሱም የሚበሉት ነገር ሥሪልኝ" አለችኝ። ምን ልሥራልሽ ስላት ክራምብል አለች። ያንን እርስዎ የሚሠሩትን፣ ከታች ፖምና ኮክ፣ ከላዩ ፍርፋሪ ሊጥ የተነሰነሰበትን። ቅቤና ወተት ሳይነካው እንዴት እንደሚሠራ ይጽፉልኝ? ኬክ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው መላ አያጡም ብዬ ነው።

ከተያየን ሦስት ዓመት ሆነን። ስለዚያ በዓል ባልጽፍም አልረሳሁትም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 17 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፣

እንደ ምን አለሽ? ባልሽስ? ዳኛዋስ? ያለሁበትን ከጠየቅሽኝ ፈጣሪ ሳይሰለቸኝ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሜዳ ላይ ሰላማዊ ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ቅሬታ አለኝ። እናትሽ ስታርፍ የአሥር ዓመት ልጅ ሆነሽ እዚህ ቤት ከገባሽ ጀምሮ "አንቺ" ብለሽኝ ነው ያደግሽው። አሁን "እርስዎ" "እርስዎ" ሲበዛብኝ ደብዳቤው የጎረቤት መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። ሦስት ዓመት ይህን ያህል ያስረጃል እንዴ?

በይ ስሚኝ። ፖሙን ልጠሽ በአውራ ጣትሽ ውፍረት ቁረጪው። ኮኩ ቶሎ ስለሚፈርስ ከዚያ ወፈር ይበል። በትንሽ ስኳር፣ በቀረፋና በሎሚ ጭማቂ ለውሰሽ ትሪው ላይ አንጥፊው። ለፍርፋሪው ሦስት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ስኳር፣ አንድ እጅ አጃ፣ ቁንጥር ጨው። በቅቤው ፋንታ የሱፍ ዘይት አድርጊበት። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ግን ይሆናል። በጣትሽ ጫፍ እያሸሽ ፈርፍሪው እንጂ እንደ ዳቦ እንዳታቦኪው።

ይልቅ ለበዓሉ ለምን አትመጡልኝም? ቤቱ ከእኔና ከሰዓቱ ድምፅ በቀር ሰው የለበትም። ወተት የሚባል ነገር ደጃፌን አያልፍም፤ ቃሌ ነው። ልጅቷን ሦስት ዓመት አላየኋትም። ኑልኝ።

ሳሚልኝ፤ ሁለቱንም ጉንጯን።

አክስትሽ

ጥቅምት 30 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ደብዳቤዎ በሰላም ደረሰኝ። ጤናዎን ያብዛልኝ።

ባሉኝ መሠረት ሠራሁት። የመጀመሪያው ጭቃ ሆነ። ዘይቱን ቀንሼ ብሞክር ሁለተኛው ድንጋይ ሆነ፤ ባለቤቴ መዶሻ ላምጣልሽ ወይ አለኝ። ልጄ አልሳቀችም። አንዷን ፍርፋሪ አንስታ ለብዙ ጊዜ አኝካ፣ "ገና ነው" ብላኝ ወደ ክፍሏ ሄደች። መልኩም ቢሆን ሰው አይጠራም፤ ኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ መሰለ። ሌላ መላ ካለዎት ይላኩልኝ።

ኑልኝ ያሉት አንጀቴን በላው። ግን እውነቱን ልንገርዎ። ያን ልጄ የታመመችበት በዓል ቀን ሁለት ትሪ ነበር፤ አንዱ የቅቤው፣ አንዱ ያለ ቅቤ የተሠራው የልጅቷ። ለልጄ ቆርሼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ማንኪያውን ከየትኛው ትሪ እንዳነሳሁት ሺህ ጊዜ አስቤ አላስታውሰውም። ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳ "አንቺ ነሽ" ብሎኝ አያውቅም። ግን ልጅቷ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ በጠዋት ተነስቶ ምግቧን የሚሠራው እሱ ነው። እኔ የሠራሁት ካለ ቀድሞ እሱ አሽትቶ ይቀምሰዋል። የታሸገ ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ እኔ ካነበብኩት በኋላ እሱ ደግሞ ያነበዋል፤ እንዳላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ። አልተጣላንም፤ ብንጣላ ይሻል ነበር። እኔም እጄን አላምነውም። ይህ ክራምብል በሦስት ዓመት ውስጥ ለልጄ ብዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ነገር ነው።

እዚያ ቤት ተመልሼ ማንኪያ ለማንሳት ድፍረቱ የለኝም። ይረዱኛል ብዬ አምናለሁ።

ፈጣሪ ይጠብቅዎ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 27 ቀን

ለልጄ፣

እንዴት ከረማችሁ? በመዘግየቴ እንዳትቀየሚኝ። ኬክ ቤቱ የበዓል ትዕዛዝ ጀምሯል፤ ምድጃው ደግሞ አንድ ጎኑ እያሳረረ አንድ ጎኑን ጥሬ ያስቀራል። ትሪ ሳዞር ነው ወሩ ያለቀው።

ዘይቱን ተዪው። የኮኮናት ቅባት ፈልጊ፤ ሲበርድ የሚረጋውን። ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደ ሳሙና እስኪጠነክር ይቆይና በካሮት መፋቂያ እየፋቅሽ ዱቄቱ ላይ አርግፊው። ሳህኑም ይቀዝቅዝ። እጅሽ ሙቅ ስለሆነ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ የእናትሽም እጅ እንደዚያው ነበር፤ ለሊጥ ሳይሆን ለሕፃን የተሠራ እጅ። ፈርፍረሽ ከጨረስሽ በኋላ ፍሬው ላይ ከመነስነስሽ በፊት መልሰሽ አቀዝቅዢው። ቀስ ያለ እሳት፣ ረጅም ጊዜ።

ስለ ማንኪያው የጻፍሽውን አየሁት። ያለፈ አልፏል። ልጅቷ ተርፋለች፤ ዋናው እሱ ነው። ሆድሽን አታስጨንቂው።

ለበዓሉ ኑ ያልኩሽን ደግሞ ተዪው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ለሕፃን ይከብዳል። የውጪውም በር እየተጠገነ ነው። ሌላ ጊዜ ይሆናል።

ሰላም ሁኑ።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 5 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የኮኮናቱ ያዘ። ባለፉት ሳምንታት ከቀደሙት ሁለቱ ጋር ስድስት ጊዜ ጋግሬያለሁ። ልጄ ስድስተኛውን ቀምሳ ራሷን ነቀነቀች። ስለ መላው አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ስድስት ጊዜ ስጋግር አንድ ነገር አስተዋልኩ። በዘይትም ሆነ በኮኮናት የሠራሁት አንዱም እንደ ቅቤው አይቀላም። ሽታውም ፍሬ ፍሬ፣ ቀረፋ ቀረፋ ነው እንጂ ያ ከኬክ ቤት ደጃፍ የሚጎትተው ሽታ የለውም። ምድጃውን ብጨምር ዳር ዳሩ ያርራል፤ መሐሉ ግን ያው ነጭ ነው።

ያን ቀን የልጅቷን ትሪ በጨርቅ ይዤ ከምድጃ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ቅቤ እንዳይነካካው ብለው ብቻውን አስቀድመው ነበር የጋገሩት፤ የቅቤው ትሪ ገና ጠረጴዛው ላይ ጥሬውን ነበር። ታዲያ የልጅቷ ትሪ ቀልቶ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶት ነበር የወጣው። "ይሄኛው እንዴት አማረ" አልኩዎት። እርስዎ መልስ ሳይሰጡኝ ወደ መስኮቱ ዞረው መጋረጃውን ማስተካከል ያዙ።

እኔ ስለ ማንኪያው ከጻፍኩ በኋላ መልስዎ አንድ ወር ቆየ። ኑ ያሉትም አትምጡ ሆነ። በሩ ሲጠገን ሰው አይገባም እንዴ?

እትዬ፣ በልጅቷ ትሪ ውስጥ ምን ነበረበት?

ስለ ምድጃና ስለ ቅባት አይጻፉልኝ። ይህን ብቻ ይመልሱልኝ፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 13 ቀን

ለልጄ፣

ቅቤ ነበረበት። የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ሳይሆን አውቄ።

ያን ቀን ጠዋት በዘይት የሠራሁት ፍርፋሪ አንቺ እንዳልሽው ጭቃ ሆነብኝ። ባልሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ይገባል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቷል። ሰው ስሜን የሚያውቀው በአጋገሬ ነው። ያን ነገር ጠረጴዛ ላይ ላቀርበው አፈርኩ። የልጅቷንም ሕመም አላመንኩትም ነበር። ወተት የሚጎዳው ሕፃን በእኛ ዘር ተሰምቶ አያውቅም፣ እናቷ ናት የምታበዛው አልኩ በሆዴ። ትንሽ በልታ ምንም ሳትሆን ብታዩ እናንተም ከስጋት ትድናላችሁ፣ እሷም እንደ ልጅ ትበላለች ብዬ አሰብኩ። ሁለት ማንኪያ ጨመርኩበት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እኔን ነው።

ከንፈሯ ማበጥ ሲጀምር ገባኝ። በጎረቤታችን ታክሲ ስንከንፍ አንቺ ኋላ ወንበር ላይ ታቅፈሻት ስሟን ትጠሪ ነበር። እኔ ከፊት ተቀምጬ እጄን ነበር የማየው፤ ቅቤው ጥፍሬ ሥር ነበር። ሐኪሙ ምን በላች ሲል፣ "ወተት ያለበት ነገር አልሰጠናትም" አልሽው። ኮሪደሩ ላይ ተከትዬ እጅጌውን ያዝኩና፣ "ቅቤ በልታለች" አልኩት። ያን ያህል ሰው ነበርኩ። ከዚያ በላይ አልሆንኩም። አንቺ መጥተሽ "ማንኪያውን ያቀላቀልኩት እኔ ነኝ" ብለሽ ደረቴ ላይ ስታለቅሺ ጀርባሽን እያሻሸሁ ዝም አልኩ።

ነገ እነግራታለሁ፣ ደግሞ ስትመጣ እነግራታለሁ ስል ሦስት ዓመት ሆነ። ጥፋቴ ቤትሽ ገብቶ በአንቺና በባልሽ መሐል እንደተቀመጠ አላወቅኩም ነበር። ካወቅኩም በኋላ አንድ ወር ተደብቄ ስለ ኮኮናት ቅባት ጻፍኩልሽ።

ይህን ለባልሽ አንብቢለት። ዛሬውኑ።

አንድ ገጽ ብለሻል፤ ሞላ።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 21 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽን መስፊያው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ከጎኔ ያለችው ሴት ማሽኗን አጥፍታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። የአንድ ጋውን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ኖሮ እንደገና ስተረትረው ዋልኩ።

ሦስት ዓመት። ልጄ ልደቷ ሲሆን ኬኳን አባቷ ነው የሚጋግርላት፤ እኔ ፊኛ እነፋለሁ። ይህን ታውቂያለሽ? ደረትሽ ላይ ሳለቅስ የልብሽን ምት እሰማ ነበር። እኔን ያሳደግሽ ሴት ነሽ፤ ብትነግሪኝ እጮህ ነበር፣ እሰድብሽ ነበር፣ ከዚያ ያልፍ ነበር። አንቺ ግን እኔን መረጥሽ፤ ጥፋቱ እኔ ላይ እንዲቀር መረጥሽ።

ለባለቤቴ አነበብኩለት። የልጅቷን ቦርሳ ዚፕ እየጠገነ ነበር። ስጨርስ ዚፑን አስቀምጦ፣ "ሦስት ዓመት አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ብጠይቅሽ ይሻል ነበር" አለኝ።

እኔ እስክጽፍልሽ አትጻፊልኝ።

ጥር 14 ቀን

እትዬ፣

ጤና እንደሰነበትሽ ተስፋ አደርጋለሁ። አትጻፊ ስልሽ አለመጻፍሽን አይቻለሁ።

መጀመሪያ የበዓሉን ልንገርሽ፤ ያለ አንቺ መላ አይሠራም ነበርና ልትሰሚው ይገባል። ጠዋት ከልጄ ጋር ሠራነው። ኮኮናቱን እሷ ፋቀችው፤ እኔ ፖሙን ላጥኩ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብቶ ትሪውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ፣ "ሲበርድ ጥሩኝ" ብሎ ወጣ። አላሸተተም። አልቀመሰም። የዕቃውንም ጽሑፍ አላነበበም። እኔ ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ ቆየሁ።

ትምህርት ቤት ልጄ ወረቀት ላይ "ወተት የለበትም። እኔም እበላለሁ" ብላ ጽፋ ትሪው ላይ ለጠፈችው። አስተማሪዋ ጉሮሮዋ ካበጠ የምትወጋውን የድንገተኛ መርፌ ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ነበር የቆመችው። አላስፈለጋትም። ልጄ መሐል ተቀምጣ ለእያንዳንዱ ልጅ ራሷ አደለች። አንዱ ልጅ ቀለሙ ነጣ ሲላት፣ "አንተም ነጭ ሸሚዝ ለብሰሃል፣ ማን ምን አለህ?" አለችው አሉ። ትሪው ተልሶ ተመለሰ።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቷ ምግቧን መቅመስ መተዉን አስተውላ ለምን ተውክ አለችው። እሱ እኔን አየኝ። ልጅ ናት ብለን ልናልፈው አሰብን፤ ግን በዚህ ቤት መደባበቅ ምን እንዳመጣ እናውቃለንና አስቀምጠን ነገርናት። ሳታቋርጠን ሰማች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"እትዬ የማስመስል መስሏት ነበር?" ነው ያለችኝ።

ለእኔ ሳይሆን ለእሷ መልሺላት። ማንበብ ትችላለች፤ ፊደሉን ከፍ አድርገሽ ጻፊ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው ይሆንብኛል። አፌ የሚለው ላይ ሆዴ እስኪደርስ ልጠብቅ። ግን ኬክ ቤቱ ከበዓል በኋላ ሥራ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ። ከፈቀድሽ ነይ። ባዶ እጅሽን ነይ፤ ወጥ ቤቴ አትገቢም፤ የሠራሁትን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ። ባለቤቴን ስጠይቀው ትምጣም አትምጣም አላለኝም። "መናኸሪያ ሄጄ እቀበላታለሁ፤ መንገድ ላይ ምን እንደምንባባል ግን እኔንጃ" ነው ያለው።

መጀመሪያ ግን የልጅቷን መልስ።

የእህትሽ ልጅ

ጥር 23 ቀን

ለዳኛዋ፣

እንደ ምን አለሽ? ትምህርትሽ እንዴት ነው? ትሪው ተልሶ መመለሱን ሰምቼ ኬክ ቤት ላሉት ሁሉ አወራሁላቸው።

ጥያቄሽ ደርሶኛል። አንቺ ታስመስያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ትልልቆቹ ያበዙታል ብዬ ነው ያሰብኩት። አንቺን ግን ምን እንደሚሰማሽ አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም። ሕመሙ የአንቺ ሆኖ ሳለ ከሁሉም በፊት መጠየቅ የነበረብኝ አንቺን ነበር።

ለእናትሽ ያልጻፍኩላት አንድ ነገር አለ። ለእሷ ስጽፍ ገጹ ሞላ ብዬ አመካኘሁ፤ እውነቱ ግን እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ያን ቀን እናትሽ ልትቆርስልሽ ሳህን ልታመጣ ስትሄድ፣ አንቺ ወንበር ላይ ወጥተሽ ትሪውን አሸተትሽው። አራት ዓመትሽ ነበር። ወደ እኔ ዞረሽ፣ "ይሄ ለእኔ ይሆነኛል?" አልሽኝ።

"ይሆንሻል" አልኩሽ።

ይህን ከእኔና ከአንቺ በቀር የሰማው የለም። አንቺ ሕፃን ነበርሽና ረስተሽዋል ብዬ ስጽናና ኖሬያለሁ። ለእናትሽም ለአባትሽም አንብቢላቸው። ከሰሙት በኋላም ነይ የሚሉኝ ከሆነ እመጣለሁ። ካላሉኝም ልክ ናቸው። እስከዚያው ትኬት አልቆርጥም።

የምወድሽ

እትዬ

የካቲት 3 ቀን

እትዬ፣

ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤውን ለእማዬና ለአባዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። እማዬ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አባዬ አብሯት ተቀመጠ። ሲመለሱ እማዬ ንገሪያት አለችኝ።

እኔ አልረሳሁትም። ይሆንሻል ስትይኝ ጥቁር ሽርጥ ለብሰሽ ነበር። ለማንም ያልተናገርኩት እማዬ አንቺን ስለምትወድሽ ነው።

ነይ ብለዋል። አባዬ መናኸሪያ ይመጣል። እኔም እመጣለሁ።